«ሲስተም የለም» ለሚባልበት ቢሮ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡራን አዘጋጆች፣

በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ጉዳይ ሊያስፈጽም የሄደ ሰው ከመስኮቱ ማዶ አዘውትሮ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ሆኗል። ባለጉዳዩ ከግሼም ይምጣ ከምንጃር፣ ፋይሉ የተከፈተው እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው። መረጃውን ያስገባችውም እዚያው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ናት። መዝገቡ ግን ሩቅ ባለ ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች መረጃ የሚያቀርብ ማሽን) ላይ ስለተቀመጠ፣ የኢንተርኔቱ መስመር በተቋረጠ ቁጥር መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ሰውየው የቀን ሥራውን ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ መጥቶ፣ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይሄዳል።

ይህን የምናነሳው መፍትሔው ከእጃችን ስላልራቀ ነው። የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ወይም የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስፈልገው ዌብ አፕሊኬሽን (በብሮውዘር፣ ማለትም በድረ ገጽ መክፈቻ፣ የሚሠራ ፕሮግራም) በዚያው ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ለሃያ ጠረጴዛ ሊያገለግል ይችላል። የሚሠራበት መሣሪያ ሁሉ ክፍት ምንጭ ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ድካም ግን አለው። ሥራው የሚበላሸውም አስቀድመው በሚታወቁ ጥቂት ቦታዎች ነው። እነዚህን ቦታዎች ለሚሠሩት ወጣቶችም፣ ገንዘብ መድበው ለሚያሠሩት ኃላፊዎችም ለይተን ማሳየት እንወዳለን።

ከማሽኑ እንጀምር። ሰርቨር ሲባል የግድ መደርደሪያ ላይ የሚሰቀል ውድ ዕቃ አይደለም። 8 ጊጋባይት ራምና 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለእንዲህ ዓይነት ቢሮ ይበቃል። ባትሪው ካልሞተ እንዲያውም ከዴስክቶፕ እሱን እንመርጣለን፤ መብራት ሲሄድ የራሱ ባትሪ ይይዘዋል። ዴስክቶፕ ከሆነ 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ይጨመርለት፤ ዩፒኤሱ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ግን ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት የሚሆን ነው፤ በዚያ ላይ ሥራ ልቀጥል ማለት መሣሪያውን አለቦታው ማዋል ነው። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ በሊኑክሱ (በማሽኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ማስተካከያ ውስጥ መከልከል አለበት፤ ይህ ከተረሳ አንድ ሰው ለጽዳት ክዳኑን ዘጋ ማድረጉ ቢሮውን በሙሉ ያቆማል። በዴስክቶፑ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ማስተካከያ) ውስጥ ደግሞ «መብራት ሲመለስ ተነሣ» የሚለው ምርጫ ይከፈት፤ አለበለዚያ ጠዋት ቁልፉን የያዘው ሰው እስኪመጣ ሁሉም ይጠብቃል።

ኤስኤስዲ ያልነው ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ራስ ከሰሌዳው በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ግፊት ነው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጡለት የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። የመንዝ ጓሳ አካባቢ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ሰሌዳው ይጠጋል፣ ዲስኩም ያለ ዕድሜው ሊበላሽ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከፍታው አይነካውም። ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ ችግሩ ሙቀትና አቧራ ነው። የማራገቢያው ቀዳዳ በየሦስት ወሩ ካልተጠረገ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሠራተኞቹም «ሲስተሙ ከበደ» ይላሉ።

አንድ ትንሽ ነገር እዚሁ እንጨምር። በማዘርቦርዱ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ያለባት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር ሰዓቱን ከውጭ ስለሚያስተካክል ባትሪዋ ብትሞት ብዙም አይታወቅም። ኢንተርኔት የሌለው ሰርቨር ግን ባትሪዋ ከሞተች መብራት ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል፤ በዚያ ቀን የገቡት መዝገቦች ሁሉ የተሳሳተ ቀን ይዘው ይቀመጣሉ። ባትሪዋ በየሁለት ዓመቱ ትቀየር። አፕሊኬሽኑም ሲነሣ የማሽኑ ቀን መጨረሻ ከገባው መዝገብ ቀን በፊት ሆኖ ካገኘው አልሠራም ብሎ እንዲቆም ይጻፍ። አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ነው፤ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

በማሽኑ ላይ ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን ወይም የረጅም ጊዜ ጥገና ያለው የኡቡንቱ ሰርቨር እትም ይጫን። ሁለቱም ለአምስት ዓመት ያህል የደህንነት ማሻሻያ ያገኛሉ። ማሻሻያውን በወር አንድ ጊዜ የስልክ ዳታ አገናኝቶ ማውረድ ይበቃል።

ፍሬምወርክ (አፕሊኬሽን የሚገነባበት ዝግጁ የኮድ መሠረት) ምረጡ ሲባል ወጣቶቹ ይከራከራሉ፤ የእኛ አስተያየት ይኸው ነው። መዝገብ መያዝ ዋናው ሥራ ከሆነ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈውን ጃንጎን እንመርጣለን። ጃንጎ የተወለደው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ ከተማ፣ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ነው፤ በ2003 እንደ ፈረንጆቹ ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ማተሚያ ቤት ቀነ ገደብ እየጠበቃቸው ለሚሠሩ ሰዎች ስለተሠራ፣ ሠንጠረዡን ገልጸው ሲጨርሱ መመዝገቢያው፣ መፈለጊያውና ማረሚያው ገጽ ወዲያው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሁለት ሳምንት ሥራ በሁለት ቀን ያልቃል፤ የመስኩ ስያሜዎችም በአማርኛ ሊጻፉ ይችላሉ። ከተማው ውስጥ ፒኤችፒ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የሚበዛ ከሆነ ደግሞ በእሱ የተጻፈው ላራቬል ይሁን። መለኪያው አንድ ነው፤ የጻፈው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ ኮዱን የሚረከበው ሰው በአካባቢው ይገኛል ወይ? ዳታቤዙ (መዝገቡ የሚቀመጥበት ፕሮግራም) ፖስትግሬስ ወይም ማሪያዲቢ ቢሆን ሁለቱም ያስተማምናሉ። ሁሉን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጠው ኤስኪውላይት ለአንድ ጠረጴዛ ግሩም ነው፤ ፋይሉን በኔትወርክ ፎልደር ላይ አድርጎ ለአምስት ኮምፒውተር ማጋራት ግን መዝገቡን ያበላሻል፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይጽፍ የሚያግደው የፋይል ቁልፍ በኔትወርክ ላይ አይታመንምና። ገጹን በሙሉ በጃቫስክሪፕት የሚሠሩትን ከባድ ፍሬምወርኮች ለዚህ ሥራ አንመክርም፤ በየጠረጴዛው ላሉት ባለ 4 ጊጋባይት ኮምፒውተሮች ሊከብዱ ይችላሉ፣ ለፎርምና ለሠንጠረዥም አያስፈልጉም።

ከዚያ በፊት ግን ተዘጋጅቶ ያለውን ማየት ይገባል። ለቤተ መጻሕፍት ኮሃ አለ፣ ለትምህርት ሙድል አለ፣ በስልክ መረጃ ሰብስቦ ኔትወርክ ሲገኝ ለማስተላለፍ ኮቦ አለ። የጤና ሪፖርት በአገር ደረጃ የሚሄደው በዲኤችአይኤስ 2 ስለሆነ ጤና ጣቢያው ሁለተኛ የሪፖርት ሲስተም ማሠራቱ ድርብ ድካም ነው። በአካባቢ የሚሠራው እነዚህ የማይነኩት ነገር ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው መሰናክል እንምጣ፤ በገንቢው ላፕቶፕ ላይ አምሮ የሠራው አፕሊኬሽን ቢሮ ሲደርስ አልሠራ ይላል። የጃንጎም የላራቬልም መሞከሪያ ሰርቨር ሲነሣ የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ነው፤ ያ አድራሻ ማሽኑ ለራሱ የሚያወራበት ነው፣ ከጎን ጠረጴዛ አይታይም። ብዙዎች አድራሻውን 0.0.0.0 አድርገው ለኔትወርኩ ይከፍቱትና ሥራው አለቀ ይላሉ። መሞከሪያው ሰርቨር ግን ለመሞከሪያ የተሠራ ነው፤ ሰው ሲበዛበት ይንገዳገዳል፣ ተርሚናሉ ከተዘጋም አብሮ ይዘጋል። ትክክለኛው መንገድ ጃንጎ ከሆነ አፕሊኬሽኑን የሚያስኬደውን ጉኒኮርንን ከኋላ፣ ጥያቄ የሚቀበለውን ኤንጂንኤክስን ከፊት አድርጎ፣ ማሽኑ ሲነሣ ሁለቱም በራሳቸው እንዲነሡ በሲስተምዲ (በሊኑክሱ የአገልግሎት ማስነሻ) መመዝገብ ነው።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ስህተት አለ። በጃንጎ ዲባግ የሚባለው፣ ስህተትን ለገንቢው ዘርዝሮ የሚያሳየው ማስተካከያ ሲዘጋ መሞከሪያው ሰርቨር የገጹን ማስዋቢያ ፋይሎች ማቅረብ ያቆማል። ገጹ ራቁቱን ይቀራል፣ ገንቢው ይደነግጣል፣ መልሶ ዲባግን ይከፍትና ትቶት ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዱና የማስተካከያው ሆድ ዕቃ በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። ላራቬልም ላይ ያው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፋይሎቹን በአንድ ፎልደር ሰብስቦ ኤንጂንኤክስ እንዲያቀርባቸው ማድረግ፣ ወይም ዋይትኖይዝ የሚባለውን ትንሽ ጥቅል መጨመር። በዊንዶውስ ላይ ዛምፕን (ዌብ ሰርቨር፣ ዳታቤዝና ፒኤችፒ አንድ ላይ የያዘ ጥቅል) ጭነው በዚያው ቢሮ ለሚያሠሩትም ማሳሰቢያ አለን። ዛምፕ ለመማሪያና ለመሞከሪያ የተዘጋጀ ነው፤ የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ ያለ ይለፍ ቃል ነው የሚመጣው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ አልነሣ ካለ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የሚመከረውን «የዳታ ፎልደሩን ሰርዘህ የባክአፕ ፎልደሩን ቅዳበት» የሚል መላ አትቸኩሉበት። በዚያ ስም የተቀመጠው ባዶ መነሻ እንጂ የእናንተ መዝገብ አይደለም። መጀመሪያ የተበላሸውን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ፤ ብዙ ጊዜ መዝገቡ ከዚያ ይወጣል።

የኔትወርኩ ነገር አጭር ነው። ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ይሰጠው፣ ለምሳሌ 192.168.1.10፤ ራውተሩ ለሌሎች የሚያድለው ከ100 እስከ 200 ይሁን። ይህ ካልተለየ አንድ ቀን ፕሪንተሩ የሰርቨሩን አድራሻ ይወስዳል፣ ግማሹ ቢሮ ሲሠራ ግማሹ ይቆማል። ኬብሉ ከ100 ሜትር አይለፍ። ለጠረጴዛዎቹ የሚከፈተው የዌቡ በር ብቻ ነው፤ የዳታቤዙ በር ለኔትወርኩ ዝግ ይሁን።

ስልክን ለመጠቀም ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ብሮውዘሮች ካሜራን፣ ያለ ኔትወርክ መሥራትንና የመሳሰሉትን የሚፈቅዱት ገጹ በተመሰጠረ መስመር ሲመጣ ብቻ ነው፤ ከዚህ ነጻ የሆነው ሎካልሆስት፣ ማለትም ማሽኑ ለራሱ የሚያወራበት አድራሻ ነው። ስለዚህ በገንቢው ማሽን የከፈተው ካሜራ በ192.168.1.10 ላይ አይከፍትም። የራስን የምስክር ወረቀት አዘጋጅቶ በየመሣሪያው ላይ መጫን ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት የሌለበት ቢሮ ላይ የሚያጋጥመው ሌላው ነገር ከውጭ የሚጠሩ ፋይሎች ናቸው። ገንቢው የገጽ መሥሪያ ፋይሎቹን ቡትስትራፕንና ጄኩዌሪን፣ ፎንቱንም ከውጭ አገር አድራሻ እንዲመጡ አድርጎ ይጽፋል፤ በእሱ ቤት ይመጣሉ፣ ቢሮው ውስጥ አይመጡም። ገጹ ወይ ባዶ ይሆናል ወይ ፋይሉን ሲጠብቅ ግማሽ ደቂቃ ይቆማል። ሁሉም ወርደው በአፕሊኬሽኑ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ። የአማርኛ ፎንቱም እንዲሁ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፣ ከሰርቨሩ ጋር ከተላኩ ማንኛውም ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ፊደል ያያል።

አማርኛን በመጨረሻ ላይ የሚጨመር ጌጥ አድርጎ ማየት ትልቁ ጥፋት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የማስቀመጫ ስልት ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ደብረ ብርሃን» የሚለውን እንውሰድ። ክፍተቱን ጨምሮ 8 ነው፤ የፒኤችፒው የቆየ መቁጠሪያ ግን 22 ይላል፣ የሚቆጥረው ባይቱን ነውና። በዚያ መቁጠሪያ ርዝመት የገደበ ሰው ስሙን አለቦታው ይቆርጠዋል፤ ቆረጣው ፊደል መሃል ከዋለ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ይወጣል። ባለ ብዙ ባይቱን መቁጠሪያ መጠቀም ግዴታ ነው። ማሪያዲቢ ላይ የፊደል ዓይነቱ ከሠንጠረዡ እስከ ግንኙነቱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁን። ለአማርኛው 3 ባይት ይበቃዋል፤ ከስልክ በተቀዳ ጽሑፍ ውስጥ ያለች አንዲት የፈገግታ ምስል ግን 4 ትፈልጋለች፣ በአሮጌው ዓይነት ላይ መዝገቡን ታስመልሳለች። የዳታቤዙ ግንኙነት በላቲን የፊደል ዓይነት ላይ ከቀረ ሁለት ዓይነት ብልሽት ይመጣል። ስሙ ኮፍያ በደፉ የላቲን ፊደላት ተሞልቶ ከታየ አትደንግጡ፤ ባይቶቹ አሉ፣ ይመለሳሉ። ረድፍ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ግን ጠፍቷል፤ ከወረቀቱ እንደገና ከመጻፍ ውጪ መላ የለውም።

ከዚያ በላይ የሚከብደው ስም መፈለግ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ሰው እንዳሻው ይጽፈዋል፤ የመጀመሪያው በጸ ወይም በፀ፣ ሁለተኛው ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በአንዱ። አንድ ሴት በ12 መልክ ልትመዘገብ ትችላለች ማለት ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በአንዱ ፈልጋ ስታጣ አዲስ ካርድ ታወጣለች፤ የታካሚዋ ታሪክ ለሁለት ይከፈላል፣ የመድኃኒት አለርጂዋ የተጻፈው በአሮጌው ላይ ይቀራል። ጉዳዩ የሰው ሕይወት ነው።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ስሙ ባለቤቱ እንዳስጻፈው ሳይነካ ይቀመጥ። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ይጨመር፤ መዝገቡ ሲቀመጥ በራሱ ይሞላል። በዚያ ዓምድ ሐ እና ኀ ከነቤተሰባቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃ ደግሞ ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ወደ አ ይጠቃለላሉ። ዲቃላዎቹን (እንደ ሗ ያሉትን) ሳንቆጥር 37 ፊደል ነው የሚለወጠው፤ ሠንጠረዡ በግማሽ ገጽ ይጻፋል። ክፍተትም ይወገድ፤ «ገብረ መድኅን» እና «ገብረመድህን» እንዲገናኙ። ፈላጊዋ የጻፈችውም በዚያው ሠንጠረዥ ካለፈ በኋላ ይነጻጸር። በፊደል ተራ ሲደረደርም በዚህ ዓምድ ይደርደር፤ አለበለዚያ ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ በዝርዝሩ ውስጥ ተራርቀው ይቀመጣሉ።

ስም የምታሳጥረው ጭረት (/) ግን በሠንጠረዥ አትፈታም። «ገ/» ገብረ ነው፣ «ተ/» ብዙውን ጊዜ ተክለ ነው። «ኃ/ማርያም» ኃይለ ማርያምም ሀብተ ማርያምም ሊሆን ይችላል፤ «ወ/ጊዮርጊስ» ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል፣ «ወ/ሮ» ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ስም አይደለም። ኮምፒውተሩ አይገምት። ስም መጻፊያው ሣጥን ጭረትን አይቀበል፤ «ስሙን ሙሉ ይጻፉ» ብሎ ይመልስ፣ ማዕረጉም የራሱ ሣጥን ይኑረው። አናባቢው ለሚለያይ ስም፣ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ እያለ ለሚጻፈው፣ ፖስትግሬስ ሦስት ሦስት ፊደል እየወሰደ መመሳሰልን የሚለካ ተጨማሪ አለው፤ የዳታቤዙ ሎካል (የቋንቋና የፊደል ማስተካከያው) ሲፈጠር ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ይረጋገጥ፣ «ሲ» የሚባለው ሎካል የአማርኛን ፊደል ከፊደል አይቆጥርምና።

ፍሬምወርኮቹ ይዘውት የሚመጡት የተጠቃሚ ሠንጠረዥም ለእኛ አልተሰፋም። ጃንጎ ስምና የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። የራስን የተጠቃሚ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት የመጀመሪያው ማይግሬሽን (ሠንጠረዦቹን በዳታቤዙ ውስጥ የሚፈጥረው ሥራ) ከመካሄዱ በፊት ነው፤ መረጃ ከገባ በኋላ መለወጡ አድካሚና አደገኛ ሥራ ነው።

ቀንም እንደ ስም ነው። የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በዳታቤዙ የቀን ዓምድ ውስጥ የሚከቱ ብዙ ናቸው፤ ለወራት ይሠራል። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ሲደርስ በቁጥር 2017-02-30 ይሆናል፤ ዳታቤዙ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ስለሚለው እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሳል፤ ማሪያዲቢ ላይ ጥብቁ ስልት (የተሳሳተ መረጃን የሚከለክለው ማስተካከያ) ከተዘጋ ደግሞ ዝም ብሎ ዜሮ ያስቀምጣል። 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን ጭራሽ አይቀበልም። ከዚህ የባሰው የማይታየው ስህተት ነው። ከጥር 30 እስከ የካቲት 1 አንድ ቀን ነው፤ ዳታቤዙ ግን አምስተኛው ወር 31 ቀን አለው ብሎ ሁለት ይቆጥራል። ቅጣትና ወለድ በቀን በሚታሰብበት ቢሮ ይህ የሰው ገንዘብ ነው።

ቀኑ በዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ ይቀመጥ፤ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይለወጥ። ስሌቱ ይኸው ነው፤ ከዓመቱ አንድ ቀንሶ በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን በመተው መጨመር፤ ከወሩ አንድ ቀንሶ በ30 አባዝቶ መጨመር፤ ከቀኑ አንድ ቀንሶ መጨመር፤ በመጨረሻ 1,724,221 መደመር። ለጥቅምት 30 ቀን 2017 የሚመጣው 735,840 እና 504 እና 30 እና 29 ከዚያ ቁጥር ጋር ተደምሮ 2,460,624 ነው፤ ይህ የዩሊየስ ቀን ቁጥር ይባላል። ለፓይተን ከዚህ ላይ 1,721,425 ሲቀነስ 739,199 ይቀራል፤ ፓይተን ያንን ቁጥር ኖቬምበር 9 ቀን 2024 ብሎ ያነብበዋል። የጻፋችሁት መለወጫ በዚህ ይፈተን። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ጳጉሜ 6 ናት፤ 2015 እንዲህ ነበር፣ 2019ም እንዲህ ነው። ቀን ማሳየት ብቻ ከሆነ የተፈለገው ዘመናዊ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃሉ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ የተጻፈን ቀን መልሰው አያነቡም እንጂ።

የሚያዋልዱ ጤና ጣቢያዎች ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። ጃንጎ ሰዓቱን የሚያስቀምጠው ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ሕፃን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ሳይመለስ ቀኑ ከተወሰደ በአንድ ቀን ቀድሞ እንደተወለደ ይመዘገባል። መጻፊያው ሣጥንም «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ምርጫ ይኑረው፤ 3 ሰዓት ብሎ የጻፈ ሠራተኛ የትኛውን እንዳሰበ ኮምፒውተሩ ሊያውቅ አይችልም።

ሕትመት ላይ ሁለት ነገር ብቻ እንበል። ፒዲኤፍ የሚያዘጋጁ መሣሪያዎች ከነመነሻ ፎንታቸው አማርኛን ሣጥን ሣጥን አድርገው ያወጣሉ፤ የአማርኛ ፎንት በስም ተጠርቶ ሊሰጣቸው ይገባል። ወደ ኤክሴል የሚወጣው ዝርዝር ደግሞ መጀመሪያው ላይ የዩቲኤፍ-8 ምልክት የሆኑት 3 ባይቶች ካልተጻፉበት ኤክሴል ፊደሉን ያመሰቃቅለዋል፤ ዞኑም «የላካችሁት አይነበብም» ይላል።

ባክአፕ በሌሊት ይሠራ የሚለው የመጽሐፍ ምክር እዚህ አይሆንም፣ ማታ ቢሮው መብራቱን አጥፍቶ ይሄዳልና። ለምሳ ሲወጣ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። ሃምሳ ሺህ መዝገብ እያንዳንዱ አንድ ኪሎባይት ቢይዝ 50 ሜጋባይት ነው፤ ሲታመቅ ከዚያም ያንሳል፣ የአንድ ዓመት ዕለታዊ ቅጂ በአንድ ፍላሽ ያልቃል። ዓርብ ዓርብ ፍላሹ ወደ ሌላ ሕንፃ ይሂድ፤ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ይሁን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ በኪስ ይዞ መዞር የሚያስጠይቅ ነገር ነው። በየወሩም ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ይታይ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ዲስኩ ሞልቶ ለወራት ባዶ ፋይል ሲጻፍ የቆየበት ብዙ ነው።

ለወጣቶቹ ደግሞ፣ ኢንተርኔት ባገኛችሁበት ቀን ጥቅሎቹን አውርዳችሁ በፎልደር አስቀምጡ። የፓይተኑ ጥቅል መጫኛ ፒፕ ጥቅሎችን ሳይጭን ማውረድ፣ በኋላም ኢንተርኔትን ሳይጠይቅ ከፎልደር መጫን ይችላል። የወረደበትና የሚጫንበት ማሽን የፓይተን እትምና ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ መሆን አለበት፤ ዊንዶውስ ላይ የወረደ አንዳንድ ጥቅል ሊኑክስ ላይ አይጫንም። የኮድን ለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊትም ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ፍላሽ ላይ ባዶ ማከማቻ ከፍታችሁ ሁለት ሰዎች ኮዳችሁን በእሱ መለዋወጥ ትችላላችሁ።

የመጨረሻው ለኃላፊዎች ነው። ውሉ ላይ ኮዱ ከነታሪኩ፣ የሰርቨሩና የዳታቤዙ ዋና ይለፍ ቃል፣ የመጫኛው ጥቅል ፎልደርና በአማርኛ የተጻፈ የመጫኛ መመሪያ ለቢሮው ርክክብ እንደሚደረግ ይጻፍ። መሣሪያው ክፍት ምንጭ ስለሆነ ብቻ ለእናንተ የተጻፈው ኮድ እጃችሁ አይገባም፤ ውሉ ርክክቡን ካልጠቀሰው ከሠሪው ጋር ሊሄድ ይችላል። በርክክቡ ዕለት የኢንተርኔቱ ሽቦ ይነቀል። ማሽኑ ከሶኬቱ ተነቅሎ ይመለስ፣ ማንም ሳይነካውም ይነሣ። ከሌላ ጠረጴዛ «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ «ፀሐይ» ትምጣ፤ ጳጉሜ 5 የተወለደ ሕፃን ይመዝገብ፣ የልደት ማስረጃው በአማርኛ ይታተም። ከዚያ የዕለቱ ቅጂ በሁለተኛ ባዶ ላፕቶፕ ላይ፣ በመመሪያው ብቻ፣ ሠሪው ባልሆነ ሰው እጅ ይጫን። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈረመው ያ ሁለተኛው ላፕቶፕ ላይ የሕፃኑ ስም ሲታይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በዌብ አፕሊኬሽን ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ